ከወደቀ የአንቺ፣ ከበረረ የኮሌጁ

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2006፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬም ጠፋ። ነዳጁን ወደ ሙሉ ስገፋው ሞተሩ ትንሽ አጓራ፣ ከዚያ ሳል እንደያዘው ሰው ኸህ ኸህ አለና ዝም። ዝቅ ብሎ ሲሠራ ምንም የለበትም። ጉልበት ስጠይቀው ነው የሚከዳኝ።

በዚህ መሀል የኮሌጃችን ዲን ከሁለት እንግዶች ጋር ወርክሾፑ ውስጥ ገባ። በሬዲዮ የምትበረውን ሰው አልባ ጄታችንን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በዓይኑ ለካትና ይሁኔን "ሞተሩ ምን ሆነብህ?" አለው። ይሁኔን። የሞተሩን ክዳን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። እስከ ክርኔ ነጭ ጋዝ በነጭ ጋዝ ነኝ።

ይሁኔ የእንጨትና የብረታ ብረት መምህር ነው። አካሏን ከኮምፔንሳቶና ከፋይበር ግላስ የሠራው እሱ ነው፤ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ አሳምሮ ነው የሠራው፤ አልክድም። ሞተሩ፣ የነዳጁ መስመር፣ ባትሪው፣ ሬዲዮው ግን የእኔ ነው። እኔ የአውቶ ሞተር መምህርት ነኝ። ተርባይኑን አብሮን ያስተምር የነበረው ጀርመናዊ አገሩ ሲገባ የሰጠው ለእኔ ነው፣ ያስተማረውም እኔን ነው። ትልቅ የውሃ ጠርሙስ የምታህል ነገር ናት፤ ከፊት አየር ትስባለች፣ ነጭ ጋዝ ታቃጥላለች፣ ከኋላ እሳት ትተፋለች።

ይሁኔ ምን ብሎ መለሰ? "እያየነው ነው።" እያየነው። እሷን ጠይቋት ማለት ምን ያህል ይከብዳል?

ቅዳሜ ስታዲየሙ ውስጥ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን አለ። ዲኑ ጄቷ በሕዝብ ላይ እንድትበር ፈልጎ ነበር። ሰው ላይ አላበርም ብዬ ስከራከር ሞተሯ ብቻ ይነሳ አለ። እንዲህ እየጠፋ ምኑን ላስነሳው። ነዳጁን ጠርጥሬዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ነጭ ጋዙን በጠርሙስ ቀድቼ አሳድሬው ነበር። ጠዋት ሳየው ከታች ውሃ ተኝቷል፤ ከውሃው ስር ደግሞ ቀይ አፈር። ስንት ቀን ሞተሩን ስወቅስ የከረምኩት በከንቱ ነው።

ጠርሙሱን ይዤ ማደያው ሄድኩ። ቀጂው ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና፣

"እህቴ፣ ከተማው ሁሉ በዚሁ ነው የሚያበስለው። አንድም ሰው አላማረረም" አለኝ።

"ምድጃ ውሃ ቢገባበት ተንጣጥቶ ይተወዋል። የእኔው ከሰማይ ነው የሚወድቀው።"

"ከሰማይ?" አለና ጓደኛውን ጠቀሰው። ሳቁብኝ። ውሃ ሸጠው ይስቃሉ።

ከቡሬ ሌላ ጀሪካን በሚኒባስ አስመጣሁ። ያንንም አላመንኩትም፤ የመኪና መስታወት በሚወለወልበት ስስ ቆዳ አጣራሁት። ከዚያ ዘይቱን ቀላቀልኩበት። ይህ ሞተር እንደ መኪና የራሱ ዘይት የለውም፤ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች የሚለሰልሱት ከነዳጁ ጋር በሚመጣው ዘይት ነው። ያለ ዘይት ማስነሳት መግደል ነው። ለይሁኔም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጭራዋን ወደ ሜዳው አዙረን አስነሳን። መጀመሪያ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው፣ ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ ጆሮ የሚያደነቁር ነገር። ወደ ሙሉ ገፋሁት። ጸና። አልጠፋም። ዝቅ፣ ከፍ፣ እንደገና ዝቅ፣ አልጠፋም። ይሁኔ ጄቷን ወገቧን ይዞ እየሳቀ የሆነ ነገር ይለኛል፣ አይሰማኝም።

ዋናው መንገድ ላይ የአንድ ጋሪ ፈረስ ደንብሮ ኖሮ ባለጋሪው አጥር ድረስ መጥቶ "ምነው መምህር፣ ፈረሴን ልትገድልብኝ ነው?" አለ። ለይሁኔ ነው ያለው። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ለይቅርታማ ማንም አልቀደመኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶች እኛ ቤት ነበሩ። አንደኛው እናቴን፣

"ያንን የሚጮኸውን የሠራው መምህር የስመኝ እጮኛ ነው አሉ" አላት።

እናቴ እኔን አየች፣ እንጀራውን አየች፣ "እጮኛዋስ የለም። የሠራችው እሷ ናት" አለችው። ሰውየው ሳቀ። ቀልድ መሰለው። እናቴ ለእንግዳ ፊቷን አታጠቁርም፣ ዛሬ ግን አጠቆረች። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ጠዋት ቡሬ ሄጄ ነበር፣ ጄቷ የምትነሳበትን መንገድ ለማየት። ከከተማው ወጣ ብሎ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አዲስ አስፋልት አለ። ቀጥ ያለ ነው፣ ጎንና ጎኑ የሽምብራ ማሳ። ጥበቃው አያ አላምረው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ሰው አይሳፈርባትም?" አሉ።

"አይሳፈርም። እኔ ከመሬት ሆኜ ነው የምነዳት።"

"እኮ አንች ራስሽ?"

"እኔ ራሴ።"

"እንግዲያ በበዓል ቀን ነይ፤ ሠራተኛ የለም። ለአለቃዬ እኔ እነግራለሁ።" ይኸው ነው። በሚኒባሱ ስመለስ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ፈገግ እንዳልኩ ነበር።

ወርክሾፑ ስገባ የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። የጄቷ ጭራ ጠቁሯል። ማሰሮ ግርጌ መስሏል። ዘይት ያልተቀላቀለበት የነጭ ጋዝ ጀሪካን ክፍት ነው። ዘይት የተቀላቀለው ነዳጅ እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ስለዚህ ምን እንደቀዱባት ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ይሁኔን መምህራን ማረፊያ አገኘሁት።

"ማነው ያስነሳት?"

"እንግዶች መጡ" አለ።

"ማነው ያስነሳት ነው ያልኩህ።"

"ዲኑ አስነሳ አለኝ። ስመኝ ቡሬ ናት አልኩት። 'አንተ አትችልም እንዴ?' አለኝ፣ እንግዶቹ ፊት።"

"እና?"

"ቶሎ ነው ያጠፋሁት። ከኋላዋ ነበልባል ሲንቦገቦግ ደነገጥኩ።"

ያለ ዘይት መሆኑን ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። አልችልም ማለት ስላሳፈረው ሞተሬን አነደደው። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ ባለማወቅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላመመኝ። በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። ብናገር ኖሮ የማይመለስ ነገር ነበር የምናገረው።

ዓርብ፣ ጥር 23

ሞተሩን አወረድኩት። የፊት ሽፋኑን ፈትቼ ማራገቢያውን በጣቴ ሳሽከረክረው ውስጡ አሸዋ ያለ ይመስል ይንኮሻኮሻል። እዚያው ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ኩሽኔታ ፍኖተ ሰላም አይሸጥም፣ ባሕር ዳርም አይሸጥም።

አጠብኩት። ዘይት ጠብ አደረግኩበት፣ አዞርኩት፣ እንደገና ጠብ። ብረቱ ሲግል የሚያመጣውን ሰማያዊ ቀለም ፈለግኩ፣ የለም። ቀስ እያለ ድምፁ ለሰለሰ። ድኗል አልልም። አልሞተም ነው የምለው።

ይህን ስሠራ ዲኑ ገባ።

"ማን ፈቅዶልሽ ነው የፈታሽው? ነገ ኤግዚቢሽን መሆኑን ረሳሽ?"

"ትናንት ማን ፈቅዶ እንዳስነሳው መጀመሪያ ይንገሩኝ።"

"የኮሌጁ ንብረት ነው። ኮሌጁ ያስነሳዋል" ብሎኝ ሄደ።

ሞተሩን መልሼ ከመግጠሜ ዲኑ የሰሌዳ ጸሐፊ ልኮ ኖሯል፤ ከሰዓት ክፍል ገብቼ ሳስተምር ሰውየው በሚረጭ ቀለም የጠቆረውን ጭራና ሆዷን አረንጓዴ አድርጎ፣ ክንፏ ላይ "ልማታችንን በቴክኖሎጂ እናፋጥናለን" ብሎ ጽፎባታል። ፊደሉ እንኳ ቀጥ አላለም፤ "እናፋጥናለን" ቦታ ጠቧት ወደ ክንፉ ጫፍ ተሰብስባለች።

አጠገቧ የሚቆመውን ሰሌዳም አየሁት። "በኮሌጁ አመራር ቁርጠኝነትና በመምህር ይሁኔ የተሠራ።" ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ አላስፈለገኝም።

ይሁኔም አንብቦታል። ከሰሌዳው እስከ በሩ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነው የሄደው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። ግን ካልሄድኩ ማን ያስነሳዋል፣ እንደ ሐሙሱ ሊያደርጉት ነው። ሄድኩ።

ስታዲየሙ ሙሉ ነው። ድንኳን፣ ባንዲራ፣ ድምፅ ማጉያ። ዲኑ ማይክሮፎን ይዞ ስለ ጄቷ ይናገራል፤ "እኛ"፣ "እኛ"፣ "እኛ"። ሰዎች ሰሌዳውን እያነበቡ የይሁኔን እጅ ይጨብጣሉ። እኔን አንዲት የተማሪ እናት ውሃ የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ።

አስነሳሁት። ያለ ምንም ችግር ተነሳ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ ጆሮውን ያዘ። ጥቂት እንደሠራ ዲኑ በእጁ ከፍ አድርጊው አለኝ። ገፋሁት። አጓራ፣ ተንፈራገጠ፣ ጠፋ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ያኔ በድምፅ ማጉያው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንዲህ ተባለ፦ "ሞተሩን የምትከታተለው መምህርት ስመኝ ናት፤ ትንሽ የቴክኒክ ክፍተት ፈጥራለች፤ እናስተካክላለን።"

ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው ሲጠፋ ነው። ሲነሳ "እኛ" ነበርን።

አላለቀስኩም። ዕቃዬን ሰብስቤ፣ ነዳጁን ዘግቼ፣ ጄቷን ከሁለት ተማሪዎች ጋር ጭኜ ወርክሾፑ መለስኳት። ይሁኔ ሊያግዘኝ መጥቶ ነበር። "ተወኝ" አልኩት፣ ተወኝ።

እሑድ፣ ጥር 25

ከቅዳሴ መልስ ወርክሾፑ ገባሁ። ኩሽኔታው ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማራገቢያውን አዞርኩት፤ ለስላሳ ነው። ታዲያ ምንድን ነው? ነዳጁ ንጹሕ ነው፣ ራሴ ያጣራሁት። ባትሪው ሙሉ ነው። ፓምፑ ይዞራል።

የነዳጅ ታንከሯን ክዳን ስፈታው "ፉት" አለና አየር ሳበ። ታንከሯ ተጨማዳ ኖሮ ድንገት ጎኗ ተመልሶ ተነፋ። ቆም አልኩ። መልሼ ዘጋኋት፣ ፓምፑን ብቻ አሠራሁት። ጎኗ እንደገና ወደ ውስጥ ገባ።

ታንከሯ ነዳጅ ስትሰጥ በምትኩ አየር መሳብ አለባት። አየር የምትስብበት ቀጭን ቱቦ የምትወጣው ከጄቷ ሆድ በታች ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቱቦዋ አፍ በአረንጓዴ ቀለም ተደፍኗል። ድፍን ብሏል። ልማታችንን የሚያፋጥነው ቀለም።

ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ በጣም ተናደድኩ። በመርፌ ወጋሁት፣ ቀለሙ እንደ ምስር ቅርፊት ተላጦ ወጣ። አስነሳሁት። ሙሉ። ነዳጁ እስኪያልቅ አልጠፋም።

ይሁኔ ድምፁን ሰምቶ መጣ፤ ቤቱ ቅርብ ነው። ቀለሙን በጣቴ ጫፍ ይዤ አሳየሁት። ከጣቴ ተቀብሎ አገላበጠውና፣

"የሐሙሱን በድያለሁ" አለ። "ሰሌዳውንም ዓርብ ሳየው ዝም ብያለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ግን ዝም ብያለሁ።"

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ይህን ለዲኑ ንገረው።"

"እነግረዋለሁ።"

"እናያለን" አልኩት። የብርጭቆ ወረቀት አምጥቶ ክንፏ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይፍቀው ጀመር። አልከለከልኩትም፣ አላገዝኩትምም።

ሰኞ፣ ጥር 26

ነገረው። አብሬ ገብቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዲኑ ጄቷ ዕቃ ግምጃ ቤት ትግባና ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ ሊጽፍ ነበር። ይሁኔ ቆሞ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "ሐሙስ ያለ ዘይት ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ቅዳሜ የጠፋው በሰሌዳ ጸሐፊው ቀለም ነው። ስመኝ ምንም አላጠፋችም። ሞተሩ በሙሉ የእሷ ሥራ ነው፣ ሰሌዳው ግን አይልም" አለው።

"የቡድን ሥራ ላይ ስም አይቆጠርም" አለ ዲኑ።

"የእኔ ግን ተቆጥሯል" አለ ይሁኔ።

ዲኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ እኔ ዞረ፤ ከሰኞ እስከ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ያየኝ ይመስለኛል።

"ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ነገ መድኃኔ ዓለም ነው። ቡሬ አዲሱ አስፋልት ላይ ሠራተኛ የለም። ላበራት።"

"ከወደቀስ?"

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

"ከወደቀ የአንቺ ነው። እኔ አላዘዝኩም።"

"ከበረረስ?"

"ከበረረማ የኮሌጁ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው?"

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እያሾፈብኝ አይደለም፣ የምሩን ነው። ሆኖም ፈቅዷል። ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

በረረች።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። የይሁኔ ወንድም አይሱዙ አለው፤ ጄቷን በፍራሽ ጠቅልለን ጫንናት። አያ አላምረው ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገዱ አፍ ላይ ይጠብቁናል። ከብት እንዳይገባ ራሳቸው ወዲያና ወዲህ ሲሉ ነበር። ነፋሱ ቀላል ነው፣ ከጎን።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርመናዊው የተወልኝን ትንሽ የስፖንጅ አውሮፕላን ኳስ ሜዳው ላይ ሳበር ሰው "ልጅ ሆነች" ሲለኝ ኖሯል። ዛሬ ያ ልምምድ ባይኖር ምን እሆን ነበር።

አስነሳሁ። ድምፁን ሰማሁት፤ ኩሽኔታው ትንሽ ያንጎራጉራል፣ ወይም ፍርሃቴ ነው። ገፋሁት። አስፋልቱ ላይ ሄደች፣ ሄደች፣ አትነሳም ብዬ ልተዋት ስል ጎማዎቿ ከመሬት ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ለማሰብ ጊዜ የለም። በአንድ ትንፋሽ የእጄን መዳፍ አከለች። ሰማዩ ላይ ስትታጠፍ ወደ እኔ ትምጣ ከእኔ ትሂድ ጠፋኝ።

"ወደ እኛ ናት" አለ ይሁኔ ከትከሻዬ አጠገብ። "ግራ ክንፏ ዝቅ ብሏል።"

አቃናኋት። በላያችን አለፈች። ድምፁ ከእሷ በኋላ ነው የሚመጣው። አያ አላምረው ቆባቸውን ይዘው አንጋጠው ዞሩ። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት እንጃ፣ አዞርኳት። እያበረርኩ በማንም አልተናደድኩም። ሳምንቱን ሙሉ ያልተናደድኩበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ስታርፍ ነው ጉዱ። ነፋሱ ከጎን ገፋት፣ ዘግይቼ ቀነስኩ፣ መንገዱን ነክታ ነጠረችና እየተንሸራተተች ሽምብራው ውስጥ ገባች። ሮጥኩ። የፊት እግሯ ተጣሟል፣ አፍንጫዋ አፈር ቅሟል፣ ሌላው ደኅና ነው። እሳት የለም። ከኋላዋ ግን የተነቀለ ሽምብራ እስከ መንገዱ ድረስ ተዘርግቷል።

የማሳው ባለቤት መቀነታቸውን እያጠበቁ መጡ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ይሁኔ ገና ከኋላ እያለከለከ ነው።

"የማናት ይች?" አሉ።

"የእኔ ናት፣ እናቴ።"

"የምታበርሪያትም አንች ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ አንች ነሽ ሽምብራዬን የጨረስሽው" ብለው ጀመሩ። ከብት ሲከለክሉ መክረማቸውን፣ ወገባቸውን፣ አጫጅ ማጣታቸውን፣ የተማረ ሰው ማሳና ሜዳ አለመለየቱን፣ አንድ በአንድ። አንዲቷንም ቃል ለይሁኔ አላሉም። ቆሜ ሰማኋቸው። እውነት ነበራቸው። ቅዳሜ አጨዳ እንደሆነ ነገሩኝ፤ መጥተን እንደምናግዝ ነገርኳቸው። "ማጭድ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ አይበቃም" አሉ። ወዲያው ጎንበስ ብለው የጄቷን ጀርባ ዳበሱና "ትሞቃለች" አሉኝ፣ እንደ ታመመ ልጅ።

ቡሬ ቁርጥ ሥጋ ልንበላ ተቀምጠን ሳለ ዲኑ ደወለ። ወሬው ቀድሞናል።

"በረረች አሉ። እንኳን ደስ አለን" አለኝ።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አልኩት። "ሽምብራ አበላሽተናል። ቅዳሜ አጨዳ አለብን። ማጭድ ይዘው ይምጡ።"

"እሱን እንኳ ከባለማሳው ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺው" ብሎ ዘጋው። ይሁኔ ጎኑን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ሥጋዬን ግን በደንብ በላሁ።

ጄቷን ግምጃ ቤት አላስገባኋትም። እኛ ቤት ናት፤ ሳሎኑን ሞልታዋለች፤ እናቴ በክንፏ ስር ጎንበስ እያለች ነው የምታልፈው። "መልሺ ቢሉሽስ?" አለችኝ አሁን። አላውቅም አልኳት። የፊት እግሯን ይሁኔ ወስዶታል፣ ነገ አቃንቶ ያመጣል። ኩሽኔታውን ዛሬ አልፈትሽም፤ ምን እንደሚለኝ ፈርቻለሁ፤ ነገ እሰማዋለሁ።